እንዴት አደሩ?

እንዴት አደራችሁ ወዳጆቼ?

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አላችሁ አይደል? እኔንም ብትጠይቁኝ የምለው ይህንኑ ነው። ሌሊቱን ጥርሳችንን ሲያመን ቢያድር፣ ጎረቤት ሠርግ አለብኝ ብሎ በሞንታርቦ ሲያደነቁረን ቢያነጋ፣ መልሳችን ያው ነው። ጠያቂውም ቢሆን መልሱን አይጠብቅም። «እንዴት አደርሽ?» ብሎ «ደህና» እስኪባል እንኳ ሳይቆም የሚያልፈው ስንቱ ነው! ሰላምታ ነዋ። ጥያቄ መሆኑን ማን ያስታውሳል?

እኔ ጥያቄ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ያውም አማርኛ በማይነገርበት አገር፣ ለንደን ውስጥ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ወለሉ ላይ ከተነጠፉ 15 ፍራሾች መሀል ቆሜ። ለዚያውም የማይገባ ሰው ላይ፣ በማይገባ ሰዓት፣ በማይገባ ድምፅ ጠይቄ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው።

የለንደን ክረምት ስል የኛ ሐምሌና ነሐሴ እንዳይመስላችሁ። እነሱ ጋ ክረምት ከኅዳር እስከ መጋቢት ድረስ ያለው ብርድ ነው። ከቀኑ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል፤ ዝናቡ እንደኛው ዶፍ ወርዶ አይለይለት፣ ቀኑን ሙሉ እንደ ወንፊት ሲያንጠባጥብ ይውላል። በዚህ ወቅት በየሰፈሩ ያሉ ቤተ ክርስቲያኖች ተሰባስበው ቤት ለሌላቸው ሰዎች የሌሊት ማደሪያ ይከፍታሉ። አሠራሩ ቀላል ነው። ሰባት ቤተ ክርስቲያኖች ሰባቱን ሌሊት ይካፈላሉ፤ ሰኞ አንዱ ጋ፣ ማክሰኞ ሌላው ጋ፣ ረቡዕ ሦስተኛው ጋ… እያለ እስከ እሑድ ይዘልቃል። አንድ ቤተ ክርስቲያን በየቀኑ ላስተናግድ ቢል ሰውም ገንዘብም አይበቃውም። በሳምንት አንድ ሌሊት ግን የማይችል የለም። እንደ ዕቁብ ቁጠሩት፤ የሚደርሰው ግን ብር ሳይሆን አዳር ነው።

እንግዶቹ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ይገባሉ። ትኩስ እራት ይበላሉ፣ ስልካቸውን ይሰካሉ (በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከአልጋ ይልቅ የሚያጣላው የኤሌክትሪክ ሶኬት ነው!)፣ አራት ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ይጠፋል። ጠዋት ቁርስ በልተው ሁለት ሰዓት ላይ ይወጣሉ። ፍራሹና ብርድ ልብሱ በቫን ተጭኖ ወደ ቀጣዩ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። እነሱም ቀኑን ቤተ መጻሕፍት ለቤተ መጻሕፍት ሲሞቁ ውለው ማታ ፍራሻቸውን ይከተላሉ።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ትራፋልጋር አደባባይ ጥግ የቆመውን የሴንት ማርቲን ኢን ዘ ፊልድስ ቤተ ክርስቲያን ያየ ሰው ይኖራል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዲክ ሼፐርድ የሚባሉት የደብሩ ቄስ ምድር ቤቱን ወደ ፈረንሳይ ግንባር ለሚሄዱና ከዚያ ለሚመለሱ ወታደሮች ማረፊያ አድርገውት ነበር። ደብሩ ከዚያ ወዲህ ቤት ለሌላቸው ሰዎች በሚሠራው ሥራ ይታወቃል። ብርድ ሲመጣ የቤተ ክርስቲያን በር ማንኳኳት እዚያም ያለ ነገር ነው።

እኔ የገባሁበት በጽድቅ ፍለጋ አልነበረም። ጋዜጠኝነት ተምሬ፣ ተመርቄ፣ የሥራ ማመልከቻ እየላክሁ የ«እናዝናለን» ደብዳቤ የምቀበልበት ጊዜ ነበር። ማታ ማታ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ከመቀመጥ ብዬ ሰሃን ላጥብ ሄድኩ። በሁለተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ፣ የማክሰኞዋ አስተባባሪ ከከተማ ስትወጣ ቁልፉን እኔ እጅ ላይ ጣለችው። እንግዲህ አስተባባሪ ሆንኩላችሁ! ማዕረጉ ደስ ይላል፤ ሥራው ግን ግማሹ ኤክሴል፣ ግማሹ ልመና ነው። «ለማክሰኞ ሌሊቱን ነቅቶ የሚያድር አንድ ሰው ጎድሎኛል፣ የምትችሉ?» እያልኩ በዋትስአፕ ስለምን ነበር የከረምኩት። በፈረንጅ ገና ሰሞን በጎ ፈቃደኛው ተትረፍርፎ የምሰጠው ሥራ ሁሉ አጣለታለሁ። የካቲት ላይ ግን ስልኬን የሚያነሳ የለም። ብርዱ ደግሞ የካቲት ላይም አለ። የሰው ልብ እንደ ገና ዛፍ ጥር ላይ ተነቃቅሎ ይወጣል መሰለኝ።

ሌላው ችግር ላዛኛ ነው። ሰባቱም ቤተ ክርስቲያን ያለው በጎ ፈቃደኛ ሁሉ ሰው ሲራራ ትዝ የሚለው ላዛኛ ነው። ሰኞ ላዛኛ፣ ማክሰኞ ላዛኛ። አንዱ እንግዳ «እባካችሁ፣ ቤት ያጣሁት እኔ ነኝ እንጂ ምላሴ አይደለም» አለኝ። እውነቱን ነው።

ሁለት ሕጎች ነበሩን።

አንደኛው፣ 15 ማለት 15 ነው። አሥራ ስድስተኛ ሰው አይገባም። የእሳት አደጋ ደንብና የኢንሹራንስ ጉዳይ ነው፤ ማልቀስ አይፈታውም። እንግዶቹ የሚመጡት ከቀን መርጃ ማዕከላት ተመዝግበው ነው። እስከ ማታ ሦስት ሰዓት ያልመጣና ያልደወለ ሰው ካለ አስተባባሪዋ ተጠባባቂዎች ዝርዝር ላይ ወዳለው ቀጣይ ሰው ትደውላለች። ሦስት ሰዓት ማለት ደግሞ ሦስት ሰዓት ነው።

ሁለተኛው፣ አትጠይቂ። ሰውየው ራሱ ካላወራሽ በቀር ከየት መጣህ፣ ምን ሆነህ ነው፣ ቤተሰብ የለህም ወይ አይባልም። አሁን እኔን አስቡኝ! ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት እየተባልኩ ዓመታት የተማርኩ ሰው ነኝ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ የተፈቀደልኝ ጥያቄ ሁለት ብቻ ነበር፤ «ሻይ ወይስ ቡና?» እና «ስኳር ስንት?»።

ጥር ላይ አንድ ማክሰኞ ማታ አዲስ እንግዳ መጣ። ስማቸውን አልጽፍም። መዝገቡ ላይ ያለው ስም የፈረንጅ ስም ነው፤ የትውልድ አገር የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ዕድሜያቸው ከአባቴ ብዙም አያንስም። ካፖርታቸው ንጹሕ ነው፣ ጫማቸው ተወልውሏል። በሩ ላይ ጎንበስ ብለው ሰላም ሲሉ፣ በቃ፣ አወቅኋቸው። ማን እንደሆኑ ሳይሆን ከየት እንደሆኑ። ያቺን ጎንበስ ማለት ማን ይስታታል?

ደስታ አፈነዳኝ። እውነቴን ነው። ለወራት አማርኛ ያወራሁት በስልክ ብቻ ነበር። ሰዉ ሁሉ እየሰማ፣ ከጠረጴዛው ማዶ፦

«ጋሼ! ሐበሻ ነዎት አይደል? እንዴት አመሹ!»

ፊታቸው ላይ የሆነውን በቃል ማስረዳት አልችልም። ብርሃን ጠፋ ብል ይቀላል። በእንግሊዝኛ «ይቅርታ፣ የምትዪው አልገባኝም» አሉኝ። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። «አይዞዎት፣ እኔም የአገርዎ ልጅ ነኝ» አልኩ፣ አሁንም በአማርኛ፣ አሁንም ጮክ ብዬ። ሁለት እንግዶች ዞር ብለው አዩን። ሰሃናቸውን ይዘው ጥግ ሄዱ፤ ግማሹን ሳይበሉ ተዉት፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ።

ጠዋት ነገሩን ላስተካክል ብዬ ሻይ ይዤ ሄድኩ። ምን ብል ጥሩ ነው? «እንዴት አደሩ?»

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ፍራሹን አዩት፤ የሕፃናት ክፍል ሥዕሎች የተለጠፉበት ግድግዳ ሥር፣ ሌላ ሰው ሲያንኮራፋ፣ ወለል ላይ የተነጠፈውን ፍራሽ። መልስ አልሰጡኝም። ሻይውን ሳይቀበሉኝ ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «እንዴት አደሩ» ያልኩት ሰው የምጠይቀውን ነገር ሰማኝ። እኔ ግን አልሰማሁትም ነበር።

በሚቀጥለው ማክሰኞ አልመጡም።

ሁለት ሰዓት ሆነ፤ የሉም። ሁለት ተኩል፤ የሉም። ሦስት ሰዓት ሲሆን ስልኩን አንስቼ ተጠባባቂውን መጥራት ነበረብኝ። አላነሳሁም። «ይመጣሉ» አልኩ። አሥር ደቂቃ፣ ሌላ አሥር ደቂቃ… በር በሩን አያለሁ። የአገሬ ሰው ናቸዋ! ይቅርታ የምጠይቅበት አጋጣሚ ፈልጌያለሁዋ! ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ደወልኩ፤ ተጠባባቂው ስልኩን አላነሳም። ምናልባት ባትሪው አልቋል፣ ምናልባት የሆነ ቦታ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ሁለተኛውም አላነሳም።

ያ ፍራሽ ባዶውን አደረ።

የዚያን ሌሊት ሙቀቱ 3 ዲግሪ ነበር፤ ዝናብ ነበረበት። ለንደን ውስጥ የሌሊቱ ሙቀት ዜሮ ወይም ከዚያ በታች እንደሚሆን ሲተነበይ ወረዳዎቹ የአደጋ ጊዜ ማደሪያ ይከፍታሉ። 3 ዲግሪ ግን ዜሮ አይደለም። ስለዚህ ያን ማታ አንድ የማላውቀው ሰው በ3 ዲግሪና በዝናብ ውጭ አድሮ ሊሆን ይችላል፤ እኔ የአገሬን ሰው ስጠብቅ። ጠዋት ከቄሷ ጋር ስንገናኝ አልተቆጡኝም። ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሦስት ሰዓት ላይ የምንደውለው ልባችን ደንዳና ስለሆነ አይደለም። ልባችን የሚያዳላ ስለሆነ ነው።»

ይህ አባባል ከሁሉ አስተማሪዎቼ የበለጠ አስተምሮኛል። እኛ ሐበሾች ደንብ ሲባል የፈረንጅ ጭካኔ አድርገን እናየዋለን። «ምናለበት፣ አንድ ሰው ነው» እንላለን። አንዱ ሰው የኛ ሰው ሲሆን ነዋ! ማንም የማይሰለፍለት፣ ማንም «የአገሬ ልጅ» የማይለው ያኛው ሰው በምን ይግባ? በደንቡ ነው የሚገባው።

ከፍራሹ ጋር ከቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን የሚዞር መዝገብ አለ። ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን መድኃኒት ይወስዳል የሚል። ሦስተኛው ማክሰኞ ላይ ጋሼ ሲቀሩ ገለጥኩት። ታመው ይሆን? ቤት አግኝተው ይሆን? በጣቴ እየተከተልኩ ሳነብ ላብ አጠመቀኝ። ሰኞ መጥተዋል። ረቡዕ መጥተዋል። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ መጥተዋል። ማክሰኞ የለም። ማክሰኞ ብቻ።

የረቡዕዋ አስተባባሪ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ደወልኩላት። «አዎ፣ ጠይቄያቸው ነበር» አለችኝ፤ «ማክሰኞ ማክሰኞ ሌሊቱን አውቶቡስ ውስጥ ነው የማሳልፈው አሉኝ»። የለንደን የሌሊት አውቶቡስ ከከተማው ጫፍ ጫፍ ይሄዳል፤ ቤት የሌለው ሰው ከላይኛው ፎቅ መስኮቱን ተደግፎ ያንቀላፋል፣ መጨረሻው ጣቢያ ሲደርስ ይወርዳል፣ ብርዱ ላይ ቆሞ የሚመለሰውን ይጠብቃል። እንዲህ ሲል ያነጋል።

በኔ ምክንያት። ስለወደድኳቸው!

መጀመሪያ ላይ፣ ሐቁን ልንገራችሁ፣ ትንሽ ተቀይሜ ነበር። ምን አደረግኋቸው? ሰላም ማለት ወንጀል ነው? በኋላ ግን ራሴን በሳቸው ቦታ አስቀመጥኩት። የለንደን ሐበሻ ስንት ነው? አንዱ ከአንዱ ጋር በቤተ ክርስቲያን፣ በሠርግ፣ በበርበሬ መሸጫው ሱቅ ይገናኛል። ወሬ ከለንደን ተነስቶ አዲስ አበባ ለመድረስ አሥር ደቂቃ አይፈጅበትም። አንድ ሰው ለስንት ዓመት «ደህና ነኝ፣ ሥራም አለ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እያለ ወደ ቤቱ ሲደውል ኖሮ፣ አንድ ማታ አንዲት ልጅ «ሐበሻ ነዎት አይደል!» ብላ ጠረጴዛ ስትመታ ምን ትመስለዋለች? ለሳቸው እኔ እራት አቅራቢ አልነበርኩም። የዜና ወኪል ነበርኩ። (ትምህርቴም እሱ ነው፤ ምን ይደረግ!)

የሚገርመው አያቴ ብትሆን ይህን ስሕተት አትሠራም ነበር። ድሮ መሽቶበት በር ያንኳኳ መንገደኛ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይል ነበር። እንግዳው ይገባል፤ እግሩ ይታጠባል፤ ካለው ይቀመስለታል። እግሩ ሳይታጠብና እህል ሳይቀምስ «ከየት መጣህ፣ የማን ልጅ ነህ» ብሎ ማዋከብ ነውር ነው። እነዚያ እንግሊዞች «እንግዳ» እያሉ ሲጠሯቸውና «አትጠይቂ» ሲሉኝ የፈረንጅ ፖሊሲ መስሎኝ ነበር። የአያቴ ፖሊሲ ኖሯል።

ማክሰኞን ልተውላቸው አሰብኩ። ቁልፉን ለሌላ ሰጥቼ ልሂድ። ነርሷ አልተስማማችም። «አንቺ ብትሄጂ ቀለል የሚልሽ አንቺን ነው። ማክሰኞን የሚያንቀሳቅሰው ሌላ ሰው ከሌለ ደግሞ 15 ሰው ውጭ ያድራል። ሰውየው የሚፈልጉት አንቺ እንድትጠፊ ሳይሆን እንድትተያቸው ነው» አለችኝ። በሷ በኩል መልእክት ላክሁ። አጭር ነበር፦ «ማክሰኞ የሚያናግርዎት የለም። በመዝገቡ ካለው ስም ሌላ ስም የሚያውቅ የለም። የተሰማ ነገር ከበሩ አይወጣም።» መመዝገቢያ ጠረጴዛውን ለሌላ ሰው አስረከብኩና ወደ ወጥ ቤት ገባሁ።

በአምስተኛው ሳምንት መጡ።

በወጥ ቤቱ መስኮት ሻይ ስቀዳላቸው ቀና ብዬ አላየሁም። በእንግሊዝኛ «ስኳር ስንት?» አልኩ። «ሁለት» አሉ። በቃ። ከዚያ በኋላ በየማክሰኞው የምናወራው ይቺው ነበረች። ስኳር ስንት፣ ሁለት። ስኳር ስንት፣ ሁለት። እንዲህ ሆነን ከረምን።

የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰኞ ዐቢይ ጾም ገባ። በማግስቱ ማክሰኞ እራቱ ዶሮ ነበር (ላዛኛውን በስንት ትግል አስቀይሬ!)። በመስኮቱ ሳይ ጋሼ ዶሮውን ወደ ሰሃናቸው ጠርዝ ገፋ አድርገው ድንቹን ብቻ በሉ። ሻይ ሲወስዱ ወተቱን መለሱ። ከዚያ በፊት ወተት ይጨምሩ ነበር። ጠዋት ደግሞ ዳቦውን በሶፍት ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱና ሳይቀምሱ ወጡ። እኔ አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ። ማደሪያ ያጣ ሰው፣ በቀን አንድ ጊዜ ትኩስ ምግብ የሚያገኝ ሰው፣ ጾም ይዟል። ማን ያስገድደዋል? ማንም። ምናልባት ከቤቱ ይዞት የወጣው የቀረው ነገር እሱ ይሆናል።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ምስር ወጥ ሠራሁ። ሽንኩርቱን አቁላልቼ፣ በርበሬውን ፈረንጆቹን ስለፈራሁ ቀነስ አድርጌ፣ በዘይት። እንጀራ ማምጣት እችል ነበር፤ የሐበሻ ሱቁ ሩቅ አይደለም። ተውኩት። እንጀራ ብዘረጋ የማን ምግብ እንደሆነ ለአዳራሹ ሁሉ ማወጅ ይሆናል። በሩዝ አቀረብኩት። ድስቱ ላይ «ምስር፣ ሥጋም ወተትም የለበትም» ብዬ በእንግሊዝኛ ለጠፍኩ። ሁለት ሥጋ የማይበሉ ልጆች ነበሩን፤ ለነሱ የተሠራ መሰለ። ጋሼ ወሰዱ። ጥጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ቀስ ብለው በሉ። ደገሙ።

ሰሃናቸውን ሲመልሱ በአካባቢው ሰው አልነበረም። መስኮቱ ጋ ቆሙ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጥርት ባለ አማርኛ፦

«አንቺ ልጅ፣ ምስሩ ጨው አንሶታል።»

እጄ ላይ የነበረው ሰሃን ሊያመልጠኝ ነበር። «እሺ ጋሼ፣ ለሚቀጥለው አስተካክላለሁ» ከማለት ሌላ አንድ ቃል አልተናገርኩም። እሳቸውም ሄደው ተኙ። ግን ያን ማታ ፊታቸው ወደ ግድግዳ አልነበረም።

ብዙ አስቤበታለሁ። ለምን ምስጋና ሳይሆን ወቀሳ? እንግዳ የሆነ ሰው ምግብ አያወቅስም። በሰው ቤት የቀረበልህን «ጣፈጠኝ» ብለህ ትበላለህ። ጨው አነሰው የምትለው ቤትህ ነው። ከጥር ጀምሮ ስንት ሺህ «ቴንክዩ» ሰምቼ እንደ ጨው አነሰው ያስደሰተኝ የለም።

አሁን ደግሞ ሐቁን ልጨምር፤ ጽሑፌ በምስር ወጥ አያልቅም።

መጋቢት መጨረሻ ላይ ማደሪያው ይዘጋል። ፍራሾቹ ታጥበው ይቀመጣሉ። እንግዶቹ ግን አይቀመጡም። አንዳንዶቹ ክረምቱን ባገኙት ድጋፍ ክፍል አግኝተዋል፤ አንዳንዶቹ ወደ ነበሩበት ተመልሰዋል። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ሕግ ወረዳዎች ቤት ያጣን ሰው እንዲረዱ ያስገድዳል። «መርዳት» እና «ቤት መስጠት» ግን አንድ አይደሉም። ልጅ የሌለው፣ ጤነኛ የሚባል ብቸኛ ሰው ቅድሚያ ከሚሰጣቸው አይቆጠርም። የስደተኝነት ወረቀቱን ያገኘ ሰው እንኳ «እንኳን ደስ ያለህ» በተባለ በ28 ቀን ከሚኖርበት የመንግሥት ማቆያ ይወጣል፤ ቀኑ በታኅሣሥ 2024 ለሙከራ ወደ 56 ከፍ ብሎ፣ በመስከረም 2025 ለአብዛኞቹ ብቸኛ ሰዎች ወደ 28 ተመልሷል። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2024 እስከ መጋቢት 2025 ባለው አንድ ዓመት ለንደን ውስጥ ጎዳና ላይ አድረው የተመዘገቡ ሰዎች 13,231 ናቸው። እኛ ጋ የነበሩት 15 ናቸው። ማካፈሉን ለናንተ ትቻለሁ።

ደግሞ «አይቻልም» እንዳትሉኝ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ኮሮና ሲመጣ እንደኛ ያሉ የጋራ መኝታ ያላቸው ማደሪያዎች ተዘጉ፤ የእንግሊዝ መንግሥት ጎዳና ላይ ያለውን ሁሉ አስገቡ ብሎ በቀናት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሆቴል ገቡ። ሆቴሉ ከዚያ በፊትም እዚያው ነበር። ክፍሉም ነበረ። ያልነበረው ውሳኔው ነው።

ስለዚህ ስለ ሥራችን ስትሰሙ «የተባረከ ሥራ» ብላችሁ አትለፉት። አማርኛችን ማደርና መኖር ይለያል። እኛ የምንሰጠው ማደርን ነው። የአያቴ የእግዜር እንግዳ ነገ የሚሄድበት ቤት ነበረው፤ የመሸበት መንገድ ላይ ነው። የኛ እንግዳ ግን ሁልጊዜ መሽቶበታል። አዳር ሰጥተን ራሳችንን ካጨበጨብን መኖርን የሚሰጠው ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ይጠፋል። እዚህ ላይ ግን መጠየቅ ይፈቀዳል። ጋዜጠኛ ልሁን ካልኩ የምጠይቀው ጋሼን ሳይሆን ክፍሉን ቆልፎ የያዘውን ነው።

እናንተ ደግሞ አዲስ አበባ ያላችሁት፣ ማኪያቶ ልትጠጡ ስትወጡ የቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ላስቲክ ወጥረው ያደሩትን አልፋችሁ ነው የምትሄዱት። እኔም ስመጣ እንደዚያው ነኝ። «የኔ ቢጤ» ብለን ስም አውጥተንላቸዋል፤ ቋንቋችን እንደኛ ሰው ናቸው እያለ ይናገራል፣ እኛ ግን ቋንቋችንን አንሰማም። ነገ ጠዋት «እንዴት አደሩ?» በሏቸው። አደራ ግን፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ብላችሁም ትንሽ ቁሙ። መልሱ «ደህና» ላይሆን ይችላል።

ጋሼ የት እንደሚያድሩ አውቃለሁ። አልነግራችሁም። ይህን ለመጻፍ ግን ደውዬ ፈቃዳቸውን ጠይቄያለሁ። ረጅም ዝም አሉ። ከዚያ «ያኔ የፈራሁት አንቺን አይደለም፤ አንቺ የምታውቂያቸውን ነው» አሉኝ። «ስሜንና ሰፈሬን አታንሺ። የምስሩን ነገር ግን ጻፊው፣ ሌላው ይማርበት።»

ይኸው ጽፌዋለሁ ጋሼ። ጨው አንሶት ነበር።

እንዴት አደሩ?